አንድ ጆሮ ክፍት

ጥፋቱ የጆሮዋ እንጂ የማንም አይደለም፣ የግራ ጆሮዋ፣ ማዳመጫው ሁለቱንም ሲደፍንባት የገዛ ድምፅዋ የት እንደገባ ይጠፋባታል፣ በመዘምራኑ መሐል ቆማ ካደገችበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ጆሮዋን ለራሷ ሳታስቀር ዘፍና አታውቅም፣ ስለዚህ እዚህ ስቱዲዮም የግራውን ማዳመጫ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ጸጉሯ ላይ ታሳርፈዋለች፣ ከዚያ ውስጥ የሚወጣው ሁሉ ሾልኮ ማይክራፎኑ ውስጥ ይገባል፣ የድምፅ ባለሙያው ኤልሞር ስንቴ ለምኗታል፣ ቬርኔታ በእናትሽ ድፈኚው፣ እያፈሰሰ ነው፣ እሺ ትላለች፣ እሺ ማለት ምን ይከብዳል። አልደፈነችውም። እና አሁን ሆሊስ እዚያ ውስጥ ቀርቷል።

ከተቀበረ ከወር በላይ የሆነው ሆሊስ።

እንደገና አሰማኝ፣ ትላለች ከመስታወቱ ወዲያ ላሉት። ዱዌይን ሰዓቱን ያያል፣ ፕሮዲውሰር ነው፣ ሰዓት ማየት ሥራው ነው፣ ኤልሞር ግን የቴፑን ክር ወደ ኋላ ይጠቀልላል፣ ጭር፣ ከዚያ ድምፅዋ ብቻውን ይመጣል፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ቤዝ፣ ልብሱን እንዳወለቀ ሰው ያሳፍራል፣ ዝም ስትል ደግሞ፣ በስንኝና በስንኝ መካከል፣ ከሩቅ፣ የጎረቤት በር ተዘግቶ ውስጥ ሰው ሲያንጎራጉር እንደሚሰማው፣ ትመጫለሽ ወይ? እመጣለሁ፣ ትላለች ቬርኔታ ክሩ ላይ። ትመጫለሽ ወይ? እመጣለሁ። የዘፈኑ ነገር ይኸው ነው፣ እሱ ይጠራል እሷ ትመልሳለች፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ይጠራና መልስ የለም፣ እንዲያ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ የሰሚው ልብ ይንጠልጠል ብለው፣ ቫዮሊኖቹ እየራቁ ይሄዳሉ፣ በቃ። ካለፈው ጊዜ ትንሽ ቀረብ አላለም? ትላለች። የድምፅ መለኪያው መርፌ ያው ነው፣ ይላል ኤልሞር፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ ያው ነው። እንግዲህ ያው ይሁን። ማሞቂያው እየሠራ ነው፣ ታዲያ ምን ይበርዳታል?

ሆሊስ የራሱ መስመር ነበረው እኮ፣ ክሩ ላይ፣ ከበሮው በአንድ መስመር፣ ቤዙ በአንድ፣ እሷ በአንድ፣ እሱ በአንድ፣ ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ስለነበር ለሙከራ ብቻ ዘፈነውና ሰኞ መጥቼ በወጉ እዘፍነዋለሁ ብሎ ለሥራ ቶሊዶ ሄደ፣ እሷም ከሰዓት መጥታ በሱ ሙከራ ላይ የራሷን ዘፈነች፣ በማግስቱ ቫዮሊኖቹ መጡ፣ መስመር ጠበበ፣ እዚህ ቤት ሁሌም ይጠባል፣ ዱዌይን የሆሊስን አጥፋና ቫዮሊኑን እዚያ ላይ ቅዳው አለ፣ ሰኞ ይመጣ የለ? ሁልጊዜ የሚደረግ ነው፣ ማንም አላሰበበትም፣ በሕይወት ያለ ሰው ድምፅ የሚያልቅ አይመስልም። ቅዳሜ ሲመለስ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ከድልድይ ጋር ተጋጨ። ሰኞ ሁላቸውም መጡ፣ እሱ ቀረ።

ከክሊቭላንድ ጁኒየስ የሚባል ሰው አመጡ፣ ከበሮውንና ቤዙን በአንድ ቀላቅለው የመጨረሻውን መስመር ለቀቁለት፣ ድምፁ የሆሊስን ይመስላል፣ ጎበዝ ነው፣ መጥላት እንኳ አልቻለችም፣ ከመዝፈኑ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ ይቅር በለኝ ወንድሜ አለ ለባዶው ማይክራፎን። ግን የሱን ከሷ ጋር አንድ ላይ ሲያሰሙት ሁለት ወንድ ሆነ፣ ጁኒየስ አፉን ሳይከፍት ከሥር ሌላ ሰው ይጠራል፣ ዱዌይን ራሱ፣ በእግዜርም በሰይጣንም የማያምነው ዱዌይን፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ስለዚህ የሷን ማደስ ነው፣ ሁለቱንም ጆሮ ደፍና፣ በዚያው መስመር ላይ፣ ሌላ ባዶ መስመር የለም፣ ቀዩ መብራት ሲበራ አዲሱ እየገባ አሮጌው ይጠፋል፣ እሷ በዘፈነች ቁጥር እሱ ይሞታል፣ ቃል በቃል። ኤልሞር ወደ ሌላ ክር ሊገለብጠው ሞክሯል፣ አልሆነም፣ ድምፁ ከማነሱ የተነሣ ሲገለበጥ የክሩ ሹክሹክታ ይውጠዋል፣ መጥበሻ ላይ ዘይት ሲንጫጫ ብቻ ነው የሚሰማው። ያለው እዚህ ብቻ ነው። ካልዘፈንሽው አልበሙ አይወጣም፣ አላት ዱዌይን፣ ወይ አንቺ ትዘፍኚዋለሽ ወይ ሌላ ሴት ትዘፍነዋለች፣ እኔም በላዬ አለቆች አሉ።

አልበሙ። ሁለተኛቸው። የመጀመሪያው ሸክላ ፊት ላይ ጉንጭ ለጉንጭ ተደጋግፈው ፈገግ ብለዋል፣ ወንዙ ዳር፣ ከዛፍ ሥር፣ በዲትሮይት ያ ሸክላ ያልተጫወተበት ሰርግ የለም፣ ሰው ሁሉ እነዚህማ ይዋደዳሉ ይላል፣ ደግሞስ ምን ይበል፣ የሚያውቀው የለ፣ እሱ ጠዋት ይዘፍናል እሷ ከሰዓት፣ እሱ ሲወጣ እሷ ስትገባ በር ላይ ደህና ነሽ ደህና ነኝ፣ ያ ነው፣ አብረው የዋሉት የፎቶው ቀን ብቻ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያወራት ስለ ጫማው፣ አዲስ ጫማ፣ ትንሿን ጣቱን በላው፣ ሚስቴ አትግዛው ብላኝ ነበር አላት፣ የሚንት ከረሜላ ይሸታል፣ ጉንጩ በወጉ አልተላጨም። ግን ከሰዓት፣ ማዳመጫው ውስጥ፣ ሌላ ሰው ነው። ማንም እንደዚያ ጠርቷት አያውቅም። ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ፣ እዚያ ከአጥንቷ አጠገብ፣ ትመጫለሽ ወይ ይላታል፣ ቤቷ ሄዳም ድስት እያጠበች ትመልስለታለች፣ እመጣለሁ፣ እመጣለሁ። ወደድሽው እንዴ? በይው እንግዲህ፣ ሰው የለም። ድምፁን ወደድኩት፣ ሰውየውን አላውቀውም።

የቤዝ ተጫዋቹ እንዴት ነሽ ሙሽራችን እያለ ይቀልድባት ነበር፣ አንቺ ልጅ ሆሊስን አሳበድሽው እኮ፣ ጫማ ጠቦት እንጂ እኔ አላሳበድኩትም ትለዋለች፣ ይስቃሉ፣ ከቀብሩ ወዲህ አይቀልድም፣ በጎኗ ሲያልፍ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚያልፈው። ከሞተ ወዲህ ደግሞ ሰዉ መንገድ ላይ ያቆማታል። እግዜር ያጽናሽ የኔ እህት። ጸጉር ሠሪዋ ጸጉሯን እየተኮሰች አብራት አለቀሰች፣ ባለፈው ሐምሌ በረብሻው በነደደው መንገድ ላይ ሱቁ የተረፈለት ዓሣ ጠባሽ ሳይቀር መጥበሻውን ትቶ መጥቶ አቀፋት፣ እሷም ሚስቱ አይደለሁም አላለችም፣ አንገቷን ደፋች፣ አመሰገነች፣ እህል አልበላ ያላት ግን የእውነቷን ነው። ሚስት ሳትሆን መበለት ሆነች።

ቀብሩ ላይ ጥቁር ለብሳ ሦስተኛው ረድፍ ተቀመጠች፣ ሕዝቡ እየዞረ እሷን ያያል፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ሚስትየው ዜልማ፣ ሰፊ ትከሻ፣ ትልቅ ባርኔጣ፣ አንዴም አልዞረችም። የቀብር አስፈጻሚው ከኋላ ቢጠራት፣ ደግሞ ቢጠራት፣ ዝም፣ ዞሮ ፊቷ ሲቆም ነው አቤት ያለችው። ሰዉ ደነቆረች እንዴ ብሎ ተንሾካሾከ። ለቬርኔታ ግን ገባት፣ የአላባማ ሰው ነው ያሳደጋት፣ አክስቷ ኦፊሊያ ስንት ጊዜ ቆንጥጣታለች፣ ሰው ከኋላሽ ሲጠራሽ ፊቱን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ፣ የሐዘን ቤት ከሆነማ ጨርሶ፣ የሞተ ሰው ይጠራል፣ የመለሰለትን ይዞ ይሄዳል። ዜልማም የጆርጂያ ሴት ናት፣ እነሱም አይመልሱም። አንቺስ ስንቴ መለስሽለት ቬርኔታ፣ ድስት እያጠብሽ?

ዛሬ ጠዋት ለዜልማ ደወለች። እህት ዜልማ፣ የሆሊስ ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ ተገኝቷል፣ ሊያጠፉት ነው፣ ቢመጡ ጥሩ ነው። ለሷ አስቤ ነው ብላለች ለራሷ፣ ውሸታም፣ ዜልማ መጥታ እንድታለቅስ ነው፣ ባሌን አታጥፉብኝ እንድትል ነው፣ መበለት ፊቱ ቆማ እያለቀሰች ዱዌይን አጥፋው ሊል? አይልም። ከዚያ ክሩ ይቀመጣል፣ ቬርኔታም በፈለገች ጊዜ መጥታ ትሰማዋለች፣ አንድ ጆሮ ከፍታ። በሌላ ሴት እንባ የራሷን ልታስቀር። ታውቂዋለሽ እኮ። አውቃለሁ፣ ዝም በይ።

በሩ ይከፈታል። ዜልማ። ባርኔጣዋን በረዶው እንዳያበላሸው ፕላስቲክ ሸፍናበታለች፣ ጓንቷን ጣት በጣት ታወልቃለች፣ ቬርኔታን ከላይ እስከ ታች ታያታለች፣ አንቺ ነሽ? ከፎቶው ይልቅ ከስተሻል። ስድብ ነው ምርቃት? አይታወቅም። ኤልሞር ወንበር ያቀርብላታል፣ ክሩን ይከፍታል፣ ትመጫለሽ ወይ? ዜልማ ዓይኗን አትጨፍንም፣ አታለቅስም፣ ድምፅ ማጉያውን አምሽቶ የገባ ባል እንደሚታይ አድርጋ ታየዋለች። ትመጫለሽ ወይ? እስከ መጨረሻው። ቬርኔታ ትጠብቃለች፣ በይ፣ በይ አልቅሺ፣ ለምኚያቸው።

አጥፉት፣ ትላለች ዜልማ።

እንዴ እህት ዜልማ፣ ይላል የቬርኔታ አፍ ሳታዝዘው፣ ሌላ እኮ የለም፣ ቢገለበጥ አይሆንም፣ ይሄ ከጠፋ ጠፋ ነው። ገብቶኛል የኔ ልጅ። ከተቀበረ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ይጠራኛል፣ በጓሮ በር በኩል፣ ሳህን ሳጥብ፣ ልክ እንደዚህ፣ ይችኑ ቃል። አልመለስኩለትም። አበደች እንዳይሉኝ ለፓስተራችንም አልተናገርኩ። ለካ እናንተ ናችሁ እዚህ አስራችሁ የምታስጠሩት። ሰው ሲጠራ ውሎ ሲጠራ እያደረ የሚመልስለት ካጣ እንዴት ይረፍ? አጥፉትና ይተኛበት። ደግሞስ ላንቺ ምንሽ ነው?

ምንሽ ነው። ያ ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ለምን ነበር፣ ምኔ ነው፣ ጫማ የጠበበው ሰውዬ። ምኔም አይደለም፣ ትላለች ቬርኔታ። ዜልማ ክንዷን መታ መታ ታደርጋታለች፣ በደግነት፣ ከሁሉ የከፋው ይሄ ደግነቷ ነው።

በይ ስትዘፍኚው እኔ ቦታዬ ላይ ልሁን። ቦታዬ? ኤልሞር ምንም ሳይጠይቅ ከፒያኖው ጀርባ አንዲት በርጩማ ያወጣል፣ ከግድግዳው ጥግ ያስቀምጣታል፣ አታውቂም እንዴ፣ ይላታል ለቬርኔታ፣ ጠዋት ጠዋት እኮ እዚህ ነበረች፣ ሆሊስ ግድግዳ እያየሁ የፍቅር ዘፈን አልዘፍንም አለና ማይክራፎኑን ወደዚህ አዞርንለት፣ ለሷ ነው ሲዘፍን የኖረው፣ ሁለቱንም አልበም። ሁለቱንም። ቬርኔታ በርጩማዋን ታያለች፣ መቀመጫዋ ከብዙ መቀመጥ ለስልሷል፣ ቀኝ ጆሮሽ ውስጥ ገብቶ ሲጠራ የነበረው ማንን ነው? ይችን፣ ቦርሳዋ ውስጥ የሚንት ከረሜላ የምትይዝለትን። አንቺ የሰው ደጅ ቆመሽ ለሌላ የተጠራውን አቤት ስትዪ ነበር። ያማል። እንደ ጥርስ ያማል። ደግሞም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀለል ይላታል።

ድፈኚው፣ ይላል ኤልሞር። ትደፍነዋለች። ሁለቱንም። ዓለም ይዘጋል፣ የራሷ ደም ሲሮጥ ይሰማታል፣ ከዚያ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ቀዩ መብራት። ትመጫለሽ ወይ? ጁኒየስ ነው፣ የክሊቭላንዱ፣ ጥሩ ሰው። እመጣለሁ፣ አንዱ ጠፋ። ይቅር በለኝ። ትመጫለሽ ወይ? እመጣለሁ፣ ሌላውም ጠፋ፣ ጀርባዋ ላይ የዜልማ ዓይን ይሰማታል፣ መዞር አትችልም፣ ድምፅዋ የት እንዳለ አታውቅም፣ ዓይን ሸፍኖ ደረጃ እንደመውረድ ነው፣ ግን አልወደቀም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እንዲህ ዘፍና አታውቅም፣ የሚጠራት የለም፣ የምትመልስለት የለም፣ ሥራዋን ነው የምትሠራው፣ እና የመጨረሻው ጥሪ፣ መልስ የሌለው፣ አፏን ትዘጋለች፣ ቫዮሊኖቹ ይርቃሉ፣ ይርቃሉ። መብራቱ ይጠፋል። ሆሊስ አለቀ።

ስትዞር ዜልማ ጓንቷን እያጠለቀች ነው። ጥሩ ድምፅ አለሽ፣ ትላታለች፣ እሱም ይል ነበር፣ ያች ልጅ ሁለት ጆሮዋን የደፈነች ቀን ጉድ ታፈላለች ይል ነበር። በሉ አውቶቡሴ እንዳያመልጠኝ። በሩ ይዘጋል። ቬርኔታ ያችን ቃል ይዛ ትቀራለች፣ ከጫማው ወሬ ሌላ ስለሷ የተባለች አንዲት ቃል፣ የሷ፣ የራሷ።

ነይ እንስማው፣ ይላል ዱዌይን። የሷን መስመር ብቻ። ንጹሕ ነው። በስንኝና በስንኝ መካከል ምንም የለም፣ ጭር፣ እንደታጠበ አንሶላ። ዱዌይን እጁን ያፋትጋል፣ ይሄውላችሁ፣ ይሄ ነው። እመጣለሁ፣ ጭር፣ እመጣለሁ፣ ጭር። መጨረሻው፣ መልስ የሌለው ቦታ፣ ጭር፣ ከዚያ ከሩቅ፣ በግድግዳው በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ የሴት ድምፅ፣

እመጣለሁ።

ኤልሞር ክሩን ያቆማል። እኔ አይደለሁም፣ ትላለች ቬርኔታ። አውቃለሁ፣ ይላል ኤልሞር፣ ዜልማ ናት። ዱዌይን ሊስቅ ይሞክራል፣ አላስችል ብሏት ነው እንግዲህ ምስኪን፣ ዘፈኑን ታውቀዋለች፣ መለሰች። ምን ሰምታ? ይላል ኤልሞር፣ ማዳመጫ አልነበራትም እኮ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሙዚቃ የለም፣ ጁኒየስ የለም፣ የሚሰማው ያንቺ ድምፅ ብቻ ነው፣ አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ነበር፣ ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ጥሪው የት ጋ እንደሆነ በምን አወቀች? ማን ጠራት?

የመለሰለትን ይዞ ይሄዳል።

ቬርኔታ ደረጃው ላይ ናት፣ በሩ ላይ፣ መንገዱ ላይ፣ ካፖርቷን ትታ፣ ቀን ነው፣ ጠራራ ቀን፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እየተመለሱ በበረዶ ይወራወራሉ፣ የነደዱት ሱቆች ጣውላ ተመትቶባቸው ቆመዋል፣ እዚያ ፊት ባርኔጣው፣ ፕላስቲኩ ያብለጨልጫል፣ እህት ዜልማ! አትዞርም። እህት ዜልማ! እንዴት ትዞራለች፣ ከኋላ ነሽ፣ ፊት የለሽም፣ አንቺም እኮ አሁን ለሷ እንደ ሞተ ሰው ነሽ፣ አትጥሪያት፣ ሩጪ፣ ጫማሽ ያንሸራትታል ሩጪ፣ ያችን ዘፋኝ እዩዋት ይላል አንዱ፣ የሆሊስ፣ ምስኪን አበደች፣ ሚስቱ አይደለሁም! ትላለች እየሮጠች፣ ሚስቱ ያቻትና!

ፊቷ ትደርሳለች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ትቆማለች። ዜልማም ትቆማለች፣ ፊቷን አይታ፣ አቤት የኔ ልጅ፣ ካፖርትሽስ? መለሱለት እኮ፣ ትላለች ቬርኔታ ትንፋሽ አጥሯት፣ መጨረሻው ላይ፣ እመጣለሁ ብለው፣ ክሩ ላይ ሰማነው። ማን፣ እኔ? ዜልማ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ ፈገግታው እዚያው ይቀራል፣ ዓይኖቿ ግን ወደ ጓሮ በር እንደሚያይ ሰው ይሆናሉ። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

አውቶቡሱ የቀለጠ በረዶ እየረጨ ይመጣል፣ አጠገባቸው ይቆማል፣ በሩ እፍፍ ብሎ ይከፈታል፣ ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ሹፌሩ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፣ ፊቱን አያዞርም፣ እናቴ፣ ይላል፣ ትመጫለሽ ወይ? የዜልማ እግር ይነሣል። ከንፈሯ ይላቀቃል፣ ቃሉ እዚያ ላይ ነው፣ ቬርኔታ ሲመጣ ታየዋለች፣ የሴትዮዋን ክንድ በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች፣ ከዚያ ለመዘምራን በምታወጣው ድምፅ፣ ልጆቹ በረዶ መወራወራቸውን ትተው እስኪዞሩ ድረስ፣ አትመጣም! ትላለች። አትመጣም።